በእናትህ መቃብር ላይ ስላልቆመው ድንጋይ

ልጄ ማሩፍ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ።

በመምህር አርጩሜ አድጌ፣ በዐውሎ ነፋስ ቤቴን አጥቼ፣ በቺታጎንግ ወደብ ጀርባዬ እስኪጎብጥ ሠርቼ ለማንም አላማረርሁም። ይህን ግን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልሁም።

ወደቡን ማስፋትና አሮጌውን ሰፈር ማደስ ያዋጣ እንደሆነ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተጠና ነው። እርሱም ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ተመልክቶ፣ እናትህ ያረፈችበትን መካነ መቃብር ባዶ መሬት ነው ብሎ ለኮንቴይነር ማከማቻ መደበው። በእኛ ሰፈር በመቃብር ላይ ድንጋይ አይቆምምና ከሣር በቀር ያየው የለም።

ከአጥኚዎቹ አንዱ፣ የጎረቤታችን ልጅ ኢምቲያዝ፣ «አባባ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ያቁሙ፤ ፎቶ አንሥቼ ላስገባና ይታረማል» አለኝ። እኅትህ ሱራይያም፣ «አባዬ፣ እማዬን ድንጋይ ከሚጫናት ክሬን ቢጫናት ይሻላል?» ብላ ተቆጣችኝ።

እናትህ ግን በሕመሟ መጨረሻ፣ በላይዋ ድንጋይ እንዳላቆም አስምላኛለች። መሐላዬን አላፈርስም። አንተ ግን አልማልህም።

ጥናቱ ከዝናቡ በፊት ይጸድቃልና እባክህ ቶሎ ና። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። ቤቱን ለሱራይያ አውርሻለሁ፤ በእናትህ መቃብር ላይ የመወሰኑን መብት ግን ለአንተ፣ ለበኩር ልጇ፣ ሰጥቻለሁ።

አባትህ