ኢንጂነር እንቁ መርሻና የቆረጡት ሲባጎ

ኢንጂነር እንቁ መርሻ ከአባታቸው ከወርቅ ሠሪው ከአቶ መርሻ እምሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ገብረ ሕይወት በ1953 ዓ.ም. ፒያሳ ተወለዱ። አባታቸው መዳብ ለብጦ ወርቅ ነው የሚልን ነጋዴ ሱቃቸው ደጃፍ አያስቆሙም ነበር። እሳቸውም ማስመሰልን መጸየፍ የወረሱት ከዚያው ነው።

አራዳ ተምረው አድገው በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውንም በውጭ አገር አጠናቀው በ1979 ዓ.ም. ተመለሱ። በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ሐድጉ ተክላይ ጋር ትዳር መሥርተው ሉዋምንና ተስፋን አፈሩ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ግን ለአንድ ሥራ ነው። የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ ሞተር ተሰንጥቆ በሐዲድ ላይ ቢዘረጋ፣ ባቡሩን የሚገፋው መንኮራኩሩ ሳይሆን ሐዲዱ ራሱ ይሆናል። ነዳጅ አይጠጣም፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዳገት ላይ አይንሸራተትም፤ ቁርሱን አዲስ አበባ የበላን ሰው ለምሳ ድሬዳዋ ያደርሳል። ይህንን ለማሳየት የመዳብ ሽቦ በገዛ እጃቸው እየጠቀለሉ፣ በመሥሪያ ቤታቸው አዳራሽ አጭር ሐዲድና አንዲት ጋሪ ሠሩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ መጥራት አፍ ማቆሸሽ ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋሪዋ ቀለም ትቀባለች፤ በጀት ሲጠየቅ ግን ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በ2011 ዓ.ም. ትልልቅ እንግዶች ተጠርተው፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ጋሪዋ ልትነሳ ስትል መብራት ጠፋ። ለካ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይህን ፈርቶ ጋሪዋ ላይ ሲባጎ አሳስሮ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ጥበቃዎች አቁሞ ኖሯል! ጋሪዋ ተጎትታ ስትንፏቀቅ፣ መብራት እንደሌለ የሚያየው እንግዳ ሁሉ ጭብጨባውን አቀለጠው። እንቁ ሪባኑ የተቆረጠበትን መቀስ ከትሪው አንስተው ሲባጎውን ቆረጡት።

«ሞተሬ መብራት ጠፍቶበት ቆሟል፤ ቆሞ ይታይ!» አሉ።

በማግስቱ ከሥራቸው ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። የደከሙበት የመዳብ ጥቅልም ከነሐዲዱና ከነጋሪዋ ዝናብ ላይ ተጣለ። ጡረታ ሲወጡ አስፈቅደው ከባለቤታቸው ጋር ለቃቀሙና ወደ እድራችን ዕቃ ቤት አስገቡት። እድርተኛው ድስቱንና አግዳሚውን ገፍቶ ቦታ ለቀቀላቸው። በ2015 ዓ.ም. ጥገናው አልቆ ጋሪዋ ከበሩ ተነሥታ እስከ ግድግዳው ተፈተለከች። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ወይዘሮ ከሪማ አላመኑም፤ እጃቸውን ከጋሪዋ ሥር አስገብተው ዳበሱና «ኧረ ሲባጎ የለውም!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።

እንቁ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ገና አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለልን፦ «የ2011ዱ የተሳካ ሙከራ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዳይረሳ፤ አለቆቻችንም የአበባ ጉንጉን ይዘው ይመጣሉ።»

አልረሳነውም፤ ይኸው ጽፈነዋል። ጉንጉኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ይቆይልን። ሞተሩ በራሱ ኃይል መሮጡን የሚጠራጠር ካለ፣ ወይዘሮ ከሪማ እዚሁ ከለቀስተኛው መሀል አሉ፤ ሄዶ ይጠይቃቸው።

ኢንጂነር እንቁ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ማቲዎስን ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጎታች በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን።