የእትዬ ሰርካዲስ ፍሪጅ

ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሕዝቅያስ፣ የቴፒ ቡና ልማት እንዴት ይዞሃል? እማዬ እንዳልነግርህ ስላለችኝ ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ።

አከራያችን እትዬ ሰርካዲስ «መብራት ተወደደ» ብለው ሂሳቡን በየበሩ እኩል አካፈሉት። እኛ ያለን አንድ አምፖል ነው፤ እሳቸው ግን ፍሪጅ ሙሉ ለስላሳ ይሸጣሉ! የእኛን የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ «ቆጣሪ ያስሮጣል» ብለው ከለከሉን። እማዬ በእርጥብ እንጨት ታበስላለች። ስትስል «ጭሱ ነው» ትለኛለች። እሁድ እሳት ሳናነድ ዳቦ በልተን ብንውልም ሳሉ አልተዋትም።

ዛሬ ስለ ፍሪጁ ልናገራቸው ገብቼ «እትዬ፣ ፍሪጁ...» ብዬ ጀመርኩ። «ውይ፣ ይቺም ልትናገር ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

እማዬ ትስምሃለች፤ ስለ እኛ አታስብ፤ በሰላም ክረምቱን ያውጣህ። ነገ ጠዋት ምድጃውን ሰክቼ ሻይ አፈላላታለሁ። እትዬ ሰርካዲስ ሲመጡም «መጀመሪያ ፍሪጅዎን ይንቀሉ» እላቸዋለሁ።

እህትህ ፋና