ወጥቶ የወረደው ውሃ

ለክቡር አቶ ካሳዬ
የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
የካ አባዶ

ግልባጭ፦ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላላችሁ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ለእማማ እልፍነሽ ልጅ ለኦብሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በቤትዎ እንዳለው ቧንቧ ሳይቆራረጥ እንዲወርድልዎ፣ ጉልበትዎም ውሃ ይዞ ደረጃ መውጣት ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ረጅም ዕድሜ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ግራውንድ ላይ፣ ከእርስዎ በር ፊት ለፊት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ደህና መሆኔ ነው።

በመጪው እሑድ ነዋሪው ግቢ ውስጥ በተሰበሰበበት "ስለ ጀግንነቱ" የሚል የምስክር ወረቀት ሊሰጡኝ መወሰንዎን ደረጃው መግቢያ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ተረድቻለሁ። እማማ እልፍነሽን አቅፌ ሳወርድ ጎረቤት በስልኩ ያነሳኝ ፎቶም አብሮ ተለጥፏል። እጅጌዬ ተሰብስቧል፣ ክንዴ ተወጥሯል፣ ፊቴም ላይ የሚታየው ድንጋጤ ለማያውቀው ሰው ቆራጥነት ይመስላል። ስለ ምርጫዎ እያመሰገንሁ፣ ክብሩን መቀበል የማልችልበትን ምክንያትና በዚያውም ያሉኝን አቤቱታዎች በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ፓምፑ። ውሃውን ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ከተበላሸ ወዲህ ኮሚቴው ያደረገለትን እንክብካቤ ሳላደንቅ ማለፍ ነውር ነው። ዝናብ እንዳይመታው ሸራ አልብሳችሁታል፣ ሌባ እንዳይወስደው በሰንሰለት አስራችሁታል፣ ስለ እሱም ብዙ ስብሰባ ተቀምጣችኋል። የቀረው ጥገናው ብቻ ነው። የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች በየጊዜው እየወረዱ ሲጠይቁ "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" የሚል ትህትና የተሞላበት መልስ ይሰጧቸው ነበር። እኔና እርስዎ ግራውንድ ላይ ስለምንኖር በፈረቃችን ቀን ውሃው ያለ ፓምፕ፣ ያለ ስብሰባ፣ በራሱ ጊዜ ቤታችን ድረስ ይመጣልናል። ስለዚህ ያን መልስ በሰጡ ቁጥር እኔም ከአጠገብዎ ቆሜ፣ ነገሩ እንደገባው ሰው፣ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ይህን ዛሬ ሳስበው አንገቴን ያስደፋኛል።

ሁለተኛው አቤቱታዬ ስለ ሆድ ነው፤ ሰው በሚያነበው ደብዳቤ ስለ ሆዴ በማንሳቴ ይታገሱኝ። የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው። ጠዋትና ማታ ደግሞ ቦሌንና የካ አባዶን በሚያመላልሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፌ እቀመጣለሁ። እንዲህ ያለ አኗኗር ምን ዓይነት ሆድ እንደሚያወጣ ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከቢሮዬ ሥር ባለው ጂም የሚያሠለጥነው ጅሬኛ የሚባል ወጣት፣ ወለል ላይ ተጋድሜ ቀኑን ሙሉ ብነሳ ብተኛ ላብ እንጂ ጡንቻ እንደማላተርፍ ነገረኝ። እሱ እንደሚለው የሆድ ጡንቻም እንደ ክንድ ነው፤ ክብደት ካልተጫነበትና ክብደቱም ቀስ በቀስ ካልጨመረ አይወፍርም፤ ካልወፈረ ደግሞ ሰውየው ቢከሳም ሲክስ ፓክ የሚባለው ነገር አይታይም። መንገዱ ርቆ ጂም መመላለሱ አልሆን ሲለኝ ለቤት የሚሆን ፕሮግራም አወጣልኝ። ብረት ላይ ተንጠልጥሎ እግር ማንሳት አለበት፣ ደረት ላይ ክብደት አቅፎ ከወለል መነሳት አለበት። ከሁሉ የከበደው ግን በሁለት እጅ ከባድ ነገር አንጠልጥሎ፣ ሆድን አጥብቆ፣ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ መራመድ ነው። ይህን የመጨረሻውን አሠልጣኞቹ "የገበሬ እርምጃ" ብለው ሰይመውታል።

እኔም ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞላሁ። ከበሬ ተነስቼ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤ እዚያ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፤ ከዚያ ያንኑ ውሃ ይዤ እወርዳለሁ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግመው እንዲያነቡልኝ በትህትና እለምናለሁ። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን ለመታጠብ በሚሳሳበት ብሎክ ውስጥ፣ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ እስከ ላይ አድርሼ ምንም ሳልቀንስ እመልስ ነበር። ማንም አልጠጣውም፣ ማንም ልብስ አላጠበበትም። ጀሪካኑ ውስጥ ከርሞ ሽታው ተለውጦ እንኳ አልደፋሁትም፤ እኔ የምፈልገው ክብደቱን ነበርና።

ፓምፑ ቢሠራ ኖሮ ጀሪካን አንጠልጥሎ ደረጃ የሚመላለስ ጎልማሳ የሰፈሩ መሳቂያ በሆነ ነበር። ፓምፑ በመበላሸቱ ግን ከሌላው ውሃ ተሸካሚ የሚለየኝ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እንዲጠገን አልፈለግሁም፤ ስለዚህ የሆዴ ግማሽ የእርስዎ ሥራ ነው፣ ስለ ውለታዎም አመሰግናለሁ። ጡንቻው መጥቷል። ሸሚዜን ሳወልቅ ስድስቱም ተደርድረው ይታያሉ፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን መስታወት ፊት ሸሚዝ አላወልቅም።

ሦስተኛ፣ ስለዚያች ቅዳሜ። አብዛኛው ነዋሪ እንደሚያውቀው እማማ እልፍነሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ይህ ብሎክ ከመቆሙ በፊት በዚሁ መሬት ላይ ከባለቤታቸው ጋር ጤፍ ያበቅሉ የነበሩ እናት ናቸው። ትንሽ ጀሪካናቸውን ይዘው ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ተጠግተው ያሳልፉኝና "ጀባዹ ልጄ!" ይሉኛል፤ በርታ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም የወለደችኝን ይመርቃሉ። መጀመሪያ ጡንቻዬን ያደነቁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ለሌላ ጎረቤት ሲያወሩ እንደሰማሁት ግን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ላሉት አቅመ ደካሞች ውሃ የማመላልስ መስሏቸው ኖሯል። ስወርድም የያዝሁት ባዶ ጀሪካን መስሏቸው፣ ባዶ ይዞ እንኳ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚራመድ እያሉ ያወድሱኝ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን አደረግሁ? በሚቀጥለው ቀን ሲመርቁኝ "አሜን" አልሁ። ከዚያም በኋላ በመረቁኝ ቁጥር "አሜን" ማለቴን አላቋረጥሁም።

በጅሬኛ ፕሮግራም ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ነው። ጡንቻ የሚያድገው በሚሠሩበት ቀን ሳይሆን በሚያርፉበት ቀን ነው፤ ይህን ትምህርት እንደ ሃይማኖት ይዤው ነበር። ያን ቅዳሜ የፈረቃው ውሃ መጥቶ ግቢው በጀሪካን ሰልፍ ሲታመስ እኔ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ጡንቻዬን አሳድግ ነበር። እማማ እልፍነሽ በሬን አንኳኩ። ጉልበታቸው እምቢ እንዳላቸው ነግረውኝ፣ "የላይኞቹን ከጨረስህ ለእኔም አንዲት ብታወጣልኝ" ብለው ለመኑኝ። እኔም ዛሬ የዕረፍት ቀኔ እንደሆነ፣ ነገ እንደማወጣላቸው ነገርኋቸው። አልተቀየሙኝም። "ዕረፍትማ ላንተ ሲያንስህ ነው" ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም በሩን ዘጋሁ።

ጀሪካን ደረጃ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ድምፅ በብሎካችን የማያውቅ የለም። ሰማሁት። ከድምፁ ቀጥሎ የመጣው ውሃው ነው፤ ደረጃ ለደረጃ ወርዶ በበሬ ሥር ገባ። ሶፋዬ ላይ ሆኜ ወለሉን ሲያርስ አየሁት፣ ያን ጊዜም ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ሮጬ ወጣሁ። እግራቸው ተሰብሮ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቅፌ አወረድኋቸው። ክቡር ሰብሳቢ፣ ጀግንነት ያሉት ይህን ነው፤ ከባድ አልነበሩም። ስንት ጊዜ ካወጣሁትና ካወረድሁት ውሃ እምብዛም አይበልጡም ነበር። እንደዚያ እያመማቸው አንገቴን ይዘው የሚመርቁትም እኔን ነበር።

በነጋታው ጅሬኛን አግኝቼ፣ በዕረፍት ቀን አንድ ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ ባወጣ ኖሮ ፕሮግራሙ ይበላሽ እንደነበር ጠየቅሁት። አዎ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢያንስ የምደበቅበት ነገር አገኛለሁ ብዬ። እሱ ግን የታመመ ሰው እንደሚያይ ትክ ብሎ አየኝና "ወንድሜ፣ ምን ነካህ? አንድ ጀሪካን እኮ ስፖርት አይደለም፣ ውሃ ነው" አለኝ።

አራተኛ፣ ከአደጋው በኋላ ስላወጡት ማሳሰቢያ። "ዕድሜያቸው የገፋ ነዋሪዎች ውሃ ይዘው ደረጃ እንዳይወጡ በጥብቅ እናሳስባለን" የሚለው ወረቀት በማኅተምና በፊርማ አምሮ፣ ከእኔ ፎቶ ጎን ተለጥፏል። ለአረጋውያን ያለዎትን ርኅራኄ ያሳያል። ውሃው ያለ እነርሱ እንዴት እንደሚወጣ ወረቀቱ አይገልጽም፤ ምናልባት ይህም በሂደት ላይ ይሆናል። እኔ ያን ማሳሰቢያ ሳነብ መጀመሪያ በእርስዎ ተናደድሁ። ከዚያ ደግሞ፣ እማማ በሬን አንኳኩተው ከእኔ የሰሙት መልስ ከዚህ ወረቀት በምን ይለያል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የእርስዎ ማኅተም አለው። ሌላ ልዩነት አላገኘሁበትም።

አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። እማማ እልፍነሽ አሁን ያሉት ልጃቸው ኦብሴ ቤት ነው። ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጀሪካኑ ሙሉ ሆኖ ይወጣና ሙሉ ሆኖ ይወርድ እንደነበር፣ አራተኛ ፎቅ ማንንም እንዳልረዳሁ፣ ያን ቀንም ደክሞኝ እንዳልነበር። ጄሶ ያለበትን እግራቸውን ትራስ ላይ እንደዘረጉ በጥሞና አዳመጡኝ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሰው ውሃ ተሸክሞ ፎቅ ወጥቶ መልሶ ያወርዳል? እኔን ለማሳቅ ብለህ ነው" አሉኝ። ብምል ብገዘት አላመኑኝም። በወጣትነታቸው ከወንዝ ውሃ በጀርባቸው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እንዲህ ያለ ነገር ጤነኛ ሰው ያደርገዋል ብለው ማሰብ አልቻሉም። ስወጣም መረቁኝ። አሁን "አሜን" ማለት አልቻልሁም። እሳቸው ባያምኑኝም ሌላው ሰው ይወቀው ብዬ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ኦብሴ፣ እባክሽ ደብዳቤውን አንብቢላቸው። ቀልድ እንዳልሆነ ካንቺ ሲሰሙ ያምኑ ይሆናል።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ እሑድ ሲጠሩኝ እንደማልወጣ አስቀድመው ይወቁልኝ። ሐኪሙ ለእማማ ደረጃ የሚባል ነገር ለረጅም ጊዜ ከልክሏቸዋል፤ ቤታቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ይህችን ሰፈር ትተው ሌላ ቦታ መኖር እንደማይፈልጉም ተናግረዋል፤ ባለቤታቸው የተቀበሩት እዚሁ አጥቢያ ነው። ከኦብሴ ጋር ተመካክረን ቤት ተለዋውጠናል። እሳቸው ቧንቧው አጠገብ ወደ እኔ ግራውንድ ይገባሉ፤ እኔ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ለእናቷ ብላ ነው የተስማማችው፤ እኔን ይቅር እንዳለችኝ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። የነዋሪ ዝውውር ለኮሚቴው መታወቅ አለበት የሚል ደንብ ስላላችሁ አሳውቄአለሁ። ያንን የከረመ ውሃ ደፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ የማወጣው ውሃ ይጠጣል፤ መንገዴ ላይ ያለ በር ሁሉ ቢንኳኳም ባይንኳኳም ቅዳሜን ጨምሮ ጀሪካኑን ያውጣልኝ።

ደረጃን በማያውቀው ጉልበትዎ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ ለሸራውና ለሰንሰለቱ ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽሁ፣ የኮሚቴው ሂደት አንድ ቀን ከሂደት እንዲወጣ እየጸለይሁ፣

ትናንት የእርስዎ የፊት ለፊት ጎረቤት፣ ዛሬ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ
አብኔዘር ገብረዋሕድ

ተጨማሪ፦ የምስክር ወረቀቱ ታትሞ አልቆ ከሆነ እንዲሁ እንዳይባክን ስሜን ሰርዘው ለፓምፑ ይስጡልኝ። እሱም እንደ እኔና እንደ እርስዎ ውሃውን ወደ ላይ ማድረስ ሲገባው ሳያደርስ በክብር ተቀምጧል። እሱስ ተበላሽቶ ነው፤ እኔና እርስዎ ግን ደህና ነበርን።