ሱማን ለምን ያጉረመርማል

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ያ እንቅልፍ የነሳሽ የወገብ ሕመምስ ለቀቀሽ ወይ? የማኒላ ሙቀት ሰው እያዞረ ይጥላል ሲሉ ሰምተን እማዬ ጠዋት ጠዋት በስምሽ ሻማ ታበራለች። እኛ እዚህ ጊማራስ ደሴት፣ እመቤታችን ትመስገን፣ አለን። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉን እያጎበጠ ነው። ለአንቺ የሚሆነውን ዛፍ እማዬ በቀይ ጨርቅ አስራ ማንም እንዳይነካው ከልክላለች።

ባለፈው በስልክ «ለበዓሉ ስመጣ ያንን ውሻ ግቢው ውስጥ እንዳላየው፤ ወይ እሱ ወይ እኔ» ያልሽውን አልረሳሁም። አልፈርድብሽም። በገና ከጀልባ ወርደሽ፣ ሻንጣሽን እንኳ ሳታሳርፊ፣ የእማዬን እጅ ይዘሽ ግንባርሽን ልታስነኪ ጎንበስ ስትዪ ክንድሽን ዘነጠለሽ። በእናት ቤት፣ ያውም ምርቃት ሲቀበሉ መነከስ ያንገበግባል። ከዚያ በኋላ የተወጋሽው መርፌ ደግሞ አለ። እማዬም ስልኩ ላይ «እሺ ልጄ» አለችሽ። ከዚያ ግን ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ እስኪመሽ ከውሻዋ ከሱማን ጋር ዋለች። ምሳ ሳቀርብላት «እሱ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ነው የማወራው፣ ከዶሮዎቹ ጋር?» አለችኝ። እኔ ወደ ባሌ ቤት ስመለስ እሷ ከዚያ ውሻ በቀር ማንም እንደሌላት አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሳይባረር በፊት ጠባዩን እናርመው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አጎታችን ዴልፊን ዘንድ ነው። ወደብ ላይ የመጋዘን ጠባቂ ውሾች ያሰለጥን እንደነበር መቼም ሳትሰሚ የቀረሽበት ሠርግ የለም። ጥርስ ያለው ሰንሰለት ይዞ መጣ። «ውሻና ምስማር ሳይመቱት አይገባም» እያለ፣ ሱማን ባጉረመረመ ቁጥር አንገቱን ያንቀው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ማጉረምረሙ ቀጥ አለ። ዴልፊን ደረቱን ነፍቶ ሰፈሩን ዞረ፤ እኔም ለአንቺ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። በማግስቱ ጎረቤታችን ኮንራዳ መጥታ የእማዬን እጅ ስትይዝ ውሻው ትንፍሽ ሳይል ተነስቶ እጅጌዋን ከነቁልፉ ገነጠለው። የኮንራዳን ምላስ ታውቂዋለሽ፤ «ድሮ እንኳ መጣሁብሽ ይለኝ ነበር! አሁን ጨዋ አድርጋችሁት ሳይናገር ይበላኛል!» ብላ ጮኸች። ስቀን ስናበቃ ግን ነገሩ ገባን። ያስተማርነው ዝም ብሎ መንከስን ነበር።

እማዬ ያን ቀን ያደረገችውን ብታዪ ትኮሪባት ነበር። አልተቆጣችም። ሰንሰለቱን ከአንገቱ ፈትታ፣ አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከላዩ ላይ ማንጎ ደርድራ ለዴልፊን መለሰችለት። «ወንድሜ፣ የአንተ ውሾች መጋዘን ይጠብቃሉ፤ የእኔ የሚጠብቀው ሌላ ነው» አለችው። እሱም ማንጎውን በልቶ እስከዛሬ አላኮረፈም። እንዲህ አድርጎ እምቢ ማለት እኔ መቼ እንደምማር እንጃ።

ከዚያ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የምትመጣውን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ማሪቤልን ጠራን። ቀጭን፣ ጸጥ ያለች ሴት ናት። ውሻውን ከመንካቷ በፊት ጥያቄዋን አዘነበችው፦ ማንን ነው የሚነክሰው? ሰውየው ምን ሲያደርግ? ከመቼ ጀምሮ? ስንመልስላት እኛው ራሳችን ገረመን። ዓሣ ሻጩ ኩሽና ድረስ ሲገባ ሱማን ጅራቱን ይቆላል። የሚነሳው የእማዬ እጅ ሲያዝ ብቻ ነው። ኮንራዳ «ከትልቁ ዛፍ ሥር ሲያልፍ መንፈስ ገብቶበታል፤ ለአባ ይነገር» አለች። እኔ ቅናት ነው አልኩ። እማዬ «ከገና በፊት ከመታን አውሎ ነፋስ ወዲህ ነው» አለችና ወሬ ቀየረች። እውነትም ከዚያ ወዲህ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ስትሄድ ሱማን ቀድሟት ይሮጥና፣ አልጌ የያዘው ድንጋይ ጋ ሲደርስ መንገዱን ዘግቶ ይቆማል። እኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ዶክተሯ «ማጉረምረሙ ንግግር ነውና አትቅጡት» አለችን። ሰው ከሩቅ ይቁም፤ ሱማን ሰውየውን አይቶ ዝም ሲል የተቀቀለ ዶሮ ይሰጠው። በሌላ ቀን ትንሽ ይቅረብ። ካጉረመረመ ቸኩላችኋልና ወደኋላ ተመለሱ። ከዚያ ዶክተሯ ራሷ እማዬን «እስቲ እኔም ልመረቅ» ብላ ቀኝ እጇን ስትይዝ ሱማን አጉረመረመ። «ግራውንስ?» አለች። ግራውን ስትይዝ አገጩን መሬት ላይ ጥሎ ተኛ። ዶክተሯ ቀና ብላ እማዬን አየቻት። እማዬ «ውሻ ግራና ቀኝ የት ያውቃል!» ብላ ሳቀችና የሎሚ ጭማቂ ልታቀርብ ወደ ኩሽና ገባች፤ ዶክተሯም ተከተለቻት። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ሲወጡ የሎሚ ጭማቂውን የያዘችው ዶክተሯ ነበረች።

እትዬ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይንሽ አለማየትሽ ይቆጨኛል። ሰፈሩ በሙሉ ተማሪ ሆነ። ዓሣ ሻጩ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ዴልፊን ራሱ ሳይቀር በየተራ በበሩ ገብተው ይቆማሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ይመለሳሉ። ኮንራዳ «ይህን ያህል በሠርጌም አላጎነበስኩ፤ ወገቤ ከተቆረጠ ዶሮው ለእኔ ነው» ትላለች። እማዬ አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ እሱ ሲፈራ እየጠበቀች፣ ሲረጋ እያሞገሰች ቀጠለች። እኛን ነጠላ ጫማ እየወረወረችብን ያሳደገች ሴት! ይህንኑ ብላት «እናንተን ስመታ እኔም ልጅ ነበርኩ» አለችኝ። እዚያው አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንዴት እንደምወዳት ነግሬያትም አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ነገርኳት።

የመጨረሻው ፈተና ትናንት ነበር። እማዬ «አሁን እንደ እህትሽ ሆነሽ ግቢ» አለችኝ። ሻንጣ አንጠለጠልኩ፣ እንደ አንቺ ከአጥሩ ጀምሬ «እማዬዬ!» እያልኩ ገባሁ፣ አንቺ ናፍቆትሽ ሲያይል እንደምታደርጊው ቀኝ እጇን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ግንባሬ ላይ ጫንኩት። ሱማን ተነሳ። እማዬን አያት። ከዚያ ተመልሶ እግሯ ላይ ጋደም አለ፤ ድምፅም አላሰማም። በደስታ ልጮህ ቀና ስል እማዬ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። እጇን ለቀቅኩት። «ጎበዝ፣ የኔ ጎበዝ» ትል ነበር፣ ለእሱ። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦ «ሱማን አልፏል። ለእህትሽ ጻፊላትና ተረጋግታ ትምጣ። ስለ ውሻው ብቻ ነው የምትጽፊው፤ ሌላ ነገር ብትጨምሪ ነገውኑ ጠቅልላ ማኒላ ትወስደኛለች» አለችና በሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕል አስማለችኝ።

እንግዲህ ነይ፣ እትዬ። ሱማንን አትፍሪው፤ እንደ እሱ ያለ ተማሪ አላየሁም። አንቺ ብቻ በበሩ ስትገቢ አትሩጪ። ቆም በይና እማዬ ራሷ እጇን ትዘርጋልሽ። የዘረጋችልሽን እጅ፣ የትኛውም ይሁን፣ እንደ እንቁላል ያዢው።

ስለ ውሻው ብቻ ጽፌልሻለሁ።

ባሕሩን በሰላም ያሻግርሽ፤ ቤትሽን ሳቅ አይለየው፤ እናታችንንም ለሁለታችን ያቆይልን።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ