ምኑ ነው የሚበቃን?

ውድ ዝም አይነቅዝም፣

«ውድ» ብዬ ከጀመርኩ በኋላ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ሳቅሁ። ሰሞኑን ይህችን ቃል የምሰማት ከላፕቶፕ ሻጩ አፍ ብቻ ነው፤ እጄ ጥሩ ነገር በነካ ቁጥር «እሷ እንኳን ውድ ናት» ይለኛል። አንተ የትኛው ውድ እንደሆንክ ለጊዜው ይቆየን። ቢሮ ያወጡልህን ስም ግን አልተውኩትም። ማንም ምን ቢልህ «ዝም አይነቅዝም» ብለህ ሜትርህን ጠቅልለህ ትወጣ ነበር። እኔ ጋ ግን ነቀዘ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ። በስልክ ያልጻፍኩበትን ምክንያት ደግሞ ስታነበው ታገኘዋለህ።

የአዲሱን መንገድ መስመር ልትቀይስ ከሄድክ አምስተኛ ወርህን ይዘሃል። ከመሄድህ በፊት ከማተሚያ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል አብረን አየናት። ሁለታችንም ከድርጅቱ ለቀን፣ አንተ እየለካህ እኔ ካርታውን እየሠራሁ፣ የራሳችንን ቢሮ ልንከፍት። የጎደለን ላፕቶፕ ነበር። ያጠራቀምነው ለአንድ እንጂ ለሁለት አይሆንም፤ ስለዚህ ትንሽና ቀላል ትሁን፣ ቀን ባንተ ቦርሳ ሜዳ ትውጣ፣ ስትመለስ እኔ ጋ ትምጣ ተባባልን። ምርጫውን ለእኔ ጥለህ አውቶቡስ ላይ ወጣህ። አምነህብኝ ይሁን ሰልችቶህ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሻጩን ብታየው ትወደው ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። «ሜሞሪዋ ትልቅ ይሁን» ብዬ ገባሁ። የትኛው ሜሞሪ፣ የምታስቀምጥበት ነው ወይስ የምታስብበት ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ «ሁለቱም» አልኩት። የምታስቀምጥበት መሳቢያ ነው፣ የምታስብበት ግን ጠረጴዛ ነው፤ መሳቢያሽ ምን ቢሰፋ ጠረጴዛሽ ከጠበበ አንዱን ወረቀት ሳታነሺ ሌላውን አትዘረጊም አለኝ። በእኛ ገንዘብ የሚገኙት ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ስምንት ጊጋ ሆና ባትሪዋ «እስከ አስር ሰዓት» ይሄዳል ተብሏል። ሁለተኛዋ አስራ ስድስት ጊጋ ናት፤ ባትሪዋ «እስከ አምስት»፣ ዋጋዋም የክፍሏን የመጀመሪያ ወር ኪራይ ይነካል። ሰፊ ጠረጴዛም ረጅም ባትሪም ያላት ሦስተኛ ነበረች፤ እሷን እንደ ሰው ሚስት በሩቁ አይቼ አለፍኩ።

እኔን ታውቀኛለህ፣ በወሬ አላምንም። የወንዝ ዳሩን ሠፈር ካርታ በፍላሽ ይዤ ተመለስኩና፣ ከሥሩ ከአየር የተነሳውን ፎቶ አንጥፌ በሁለቱም ላይ ከፈትኩት። ስምንቷ ገና አንድ ጊዜ ሳጎላው ደርቃ ቀረች። ሻጩ ያላየ ለመምሰል መደርደሪያ መጥረግ ጀመረ። በአስራ ስድስቷ ግን ከጓሮ ጓሮ እንደ ልቤ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም ከሶኬት ነቅለን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ እኔም ሱቁ ተከፍቶ እስኪዘጋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አስራ ስድስቷ ምሳ ሳይደርስ ጠፋች። ስምንቷ ሰባት ሰዓት ሙሉ ቆየች። «እስከ» የምትል ቃል ስትሰማ ተጠንቀቅ። ከሰዓት በኋላ የሚገቡት ደንበኞች እኔን ሠራተኛ እያደረጉ ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር፤ ለሁለቱ ነገርኳቸው።

ግን መለካቱ አላጠራልኝም፣ ይባስ ደፈረሰብኝ። አስራ ስድስቷን ልገዛ ስል አንተ ሜዳ ላይ ስክሪኑ ጠፍቶብህ ቁጥሩን መዳፍህ ላይ ስትጽፍ ትታየኛለህ። ስምንቷን ልገዛ ስል የደረቀ ካርታ ፊት ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ራሴን አያለሁ። ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል፤ እኔ እኮ የወደድኩት አንድ ነው፣ ሁለት ቦታ ሆነብኝ እንጂ። ግራ ሲገባኝ ለአንተ ጻፍኩልህ። ያ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ «ስምንት ጊጋው ርካሽ ነው፣ ባትሪውም ላንተ ይሆናል። አስራ ስድስቱ ለእኔ ይመቻል፣ ግን ውድ ነው። ስምንቱ የሚበቃን ይመስልሃል? ደግሞስ አንተ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን እስከ መቼ ነው?»

ከሁለት ቀን በኋላ መለስክልኝ።

«ይበቃናል።»

ምኑ? ስምንቱ ጊጋ ይበቃናል? ተራርቆ መኖሩ ይበቃናል፣ ልመጣ ነው ማለትህ ነው? ወይስ እኔና አንተ፣ እስከዚህ ድረስ፣ ይበቃናል?

ስልኩን ይዤ ታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ። ሁለት ባል የሸኘች ናት፣ በስንብት ነገር ማንም አይከራከራትም። አንብባ መለሰችልኝና «በቃ፣ አሰናበተሽ። ላፕቶፗን ማለቱ ቢሆንማ ትበቃናለች ይልሽ ነበር» አለች። በሰዋስው ተረታሁ። ሻጩ ጋ ሄጄ በዘዴ ሳሳየው ደግሞ ምንም አላመነታም፤ ጊጋው ነዋ፣ ጊጋ ትበቃለች አይባልም፣ ይበቃል ነው የሚባለው ብሎ ካርቶን ፍለጋ ጓዳ ገባ። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስነሳ ሁለቱንም ትቼ፣ ልትመጣ ነው ብዬ ደረጃው ላይ ኮቴ አዳምጥ ነበር።

ብትጠይቂኝስ ትለኝ ይሆናል። ሁለቴ ደወልኩ፣ ስልክህ ተዘግቷል ይላል፤ አንተ ባለህበት ኔትዎርክ እንደ ሎተሪ መሆኑን አውቃለሁ። ሦስተኛውን ልደውል ስል ፈራሁ። ጠይቄ እህቴ ያለችው ቢሆንስ? ሳይጠይቁ መጠርጠር ይሻለኛል አልኩ።

ሁለት ሳምንት አልፎ «ገዛሽ?» የሚል መልእክት መጣ። እኔን ጥሎ ስለ ዕቃው ይጠይቀኛል ብዬ ደሜ ፈላ። አልገዛሁም ነበር፣ ግን «አዎ፣ በቅቶናል» ብዬ ላኩልህ። ይገባህ ዘንድ ያንኑ ቃልህን መለስኩልህ። ልክ ልኩን ነገርኩት ብዬ ያን ቀን ደህና ምሳ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ከአንተም ከእኔም አንድ ፊደል አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን እግረ መንገዱን፣ ያ ቀያሻችን እኮ እዚያው ስድስት ወር ጨምሩልኝ ብሎ ጻፈ፣ ምን አግኝቶ ይሆን አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መልእክቴን በአንተ ዓይን አነበብኩት። ብሩ በቅቶናል ያልኩህ መስሎህ ደስ ብሎህ ይሆናል። ወይም እኔ እንዳሰብኩት ገብቶህ፣ ስምንቱ ይበቃናል ባልኩ እንዲህ መለሰችልኝ ብለህ እዚያው መቅረት መርጠህ ይሆናል። ወይም እህቴ እንዳለችው ነው፣ ድሮም ጨርሰሃል። የቱን እንደማምን አላውቅም። በቀን ሦስቱንም አምናለሁ።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ሄጄ ስምንቷን ገዛኋት። ለምን? ካርታ ሠሪ ነኝ፤ ከቢሮ አልወጣም፤ ሶኬቱ ጉልበቴ ሥር ነው። የሰባት ሰዓት ባትሪ ለእኔ ምኔ ነው? ካርቶኑን ታቅፌ መንገድ ልሻገር ስል ነው የገባኝ፦ አንተ ከሌለህ ምንም የማታደርግልኝን መርጬ ገዝቻለሁ። ናፍቀኸኛል። ይህን በግልጽ ለመጻፍ አራት ገጽ ፈጀብኝ።

ሻጩ ካልተስማማችሽ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መልሺና በአስራ ስድስቷ እቀይርልሻለሁ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የድርጅቱ ሾፌር ሰኞ ያደርስልሃል። እኔ ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ላፕቶፗን ይዤ እመጣለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ እደርሳለሁ። ጨርሰህ ከሆነ መናኸሪያ አትምጣ። አልቀየምህም፤ በዚያው አውቶቡስ እመለስና ቅዳሜ እቀይራታለሁ፣ ለብቻዬም ቢሆን ክፍሏን እከራያታለሁ። ተሳስተን ተነባብበን ከሆነ ግን ና። እባክህ መልስ አትጻፍልኝ፤ አንድ ቃል ብትልክልኝ ሌላ ሁለት ወር ስፈታት እኖራለሁ። ና እና ከአውቶቡሱ በር ፊት ለፊት ቁም።

ካርታ ሠሪህ

(መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «ህ» ሦስቴ ሰርዤ ሦስቴ ጽፌያታለሁ።)