የመሪማ ማሽላ ባለቤት ማን እንደሆነ

ለተከበሩ የዘር ምርምር ማዕከሉ የባለመብትነት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የወንበርዎን ጤና፣ በተለይም የማህተምዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ አርዲቦ ዳር የምኖር ሀሚዱ የተባልሁ ሽማግሌ ስሆን፣ ጉልበቴና ጆሮዬ ቀድመውኝ ሄዱ እንጂ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

አንደኛ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ሠራተኞችዎ አቀንጭራ የሚሉት አረም የማይደፍረውን ማሽላችንን ፈልገው ቤቴ ድረስ ስለመጡ አመሰግናለሁ። የልጆቼ እናት መሪማ በየዓመቱ ከአጨዳ በፊት ማሳውን እየዞረች፣ የወደደችውን ራስ ቀይ ክር አስራበት፣ ኋላም ከምድጃው በላይ ሰቅላ በጭስ የምታኖረው ዘር ነበር። አርባ ዓመት እንዲህ ስታደርግ ምርምር መሆኑን አላወቅንም ነበርና፣ ስላሳወቃችሁን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዘር ለጠየቀ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም ብላ አንድ ቁና ሰፍራ ሰጠቻቸው። ወረቀት የያዘው ባለሙያ የማሽላው ባለቤት ማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «የአላህ ነው» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ «ባለቤት የለውም» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ቆሜ እያነበብሁ ሳቅሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ሁለተኛ፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ዘር አውርደን በላነው። መሪማ ፈጭታ አበላችን፤ እሷ ግን አልቀመሰችውም። ዝናቡ ሲመለስ እሷ አልነበረችም። ይህን የምጽፈው መዝገብዎ እንዲሟላ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ለዘንድሮ ሚያዝያ አንድ እፍኝ ዘር እንድትመልሱልኝ ብለምን፣ ማሽላው ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ዘረመሉ ተለይቶ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ የአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ እንደተደረገለት በትሕትና ጻፋችሁልኝ። ከእኔ እንኳ ሳይቀር ተጠብቆ መክረሙ አኩርቶኛል። ዘሩ ከቤቴ ለመውጣቱም የቀድሞው ባለቤት የፈረመበት ማስረጃ እንዳመጣ ታዘዝሁ። ሲወሰድ ባለቤት ያልነበረው ማሽላ፣ ለመመለስ ሲሆን ባለቤት ማስፈለጉ ከሳይንሳችሁ ሁሉ አስደነቀኝ።

ማሳዬ ሁለት ጊዜ ታርሶ ባዶውን ተኝቷል። ጎረቤቴ ኑርዬ ምን ልትዘራ ነው ሲለኝ የእርስዎን ደብዳቤ አሳየዋለሁ፤ እሱም ይህንንስ አቀንጭራ አይደፍረውም እያለ ያጽናናኛል።

ሹመትዎ እንደ ፋይልዎ እንዲወፍር እየተመኘሁ፣ ከደጅዎ አንድ እፍኝ የሚጠብቀው፣
ሀሚዱ፣ የባለቤት አልባው ማሽላ የቀድሞ ገበሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ፊርማው አይጨነቁ። መሪማ ባለቤቱ ነው ያለችው ዘንድ የምሄድበት ቀን ሩቅ ስላልሆነ፣ ጉዳዩን ራሴ አቀርብልዎታለሁ። እርስዎም በተራዎ ሲመጡ ማህተምዎን አይርሱ።