በዳይ ቀድሞ ይነሣል

ኅዳር 3

ዳይሬክተሩ የቢሮውን ቁልፍ አጣ።

በሰልፍ ላይ ለምኒትን ጠርቶ በጥፊ አጮላት። ጠዋት ቢሮውን የጠረገችው እሷ ነበረች፣ በቃ፣ ሌላ ማስረጃ የለውም። አራተኛ ክፍል ናት፣ የኔ ተማሪ። «ለምን» ሳትል ስለማትውል ነው ለምኒት ያልናት። ዛሬ ግን አልጠየቀችም። እኔም ከሰልፉ ጎን ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

ኅዳር 4

ቁልፉ ተገኘ። በራሱ ኮት፣ በውስጠኛው ኪስ። በመምህራን ክፍል ሻዩን እየጠጣ፣ እየሳቀ፣ በር ላይ ያሉት ልጆች እየሰሙ ነገረን። ልጅቷስ? አልኩት።

«ተወው ባክህ። ልጅ አይደለች እንዴ፣ ትረሳዋለች።»

ደሜ ፈላ። ፈላና… ምን አደረግኩ? ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ገባሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጫማ ማየት መቼ ነው የምተወው?

ኅዳር 8

ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ሊመጡ ነው። ግብረ ገብ በአገር ወግ እንዴት እንደሚሰጥ ለማየት። «እርቁን አሳያቸው» አለኝ ዳይሬክተሩ። እርቁ ክፍል ውስጥ የምንጫወተው ሽምግልና ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። ወንበር ፊት ለፊት እንገጥማለን፣ ከመካከላቸው ሦስት ሽማግሌ ይመረጣል። ሕጉን አያቴ እንደነገረኝ ነግሬያቸዋለሁ፦ በዳይ ቀድሞ ይነሣል፣ ሽማግሌም ይሁን ሹም።

የማላደርገውን አስተምራለሁ። አፌ አያፍርም።

ኅዳር 10

እንግዶቹ ኋላ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ መሃላቸው፣ ክራባት አስሮ። የጓደኛውን ደብተር የቀደደው ልጅ ተነሣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተጨበጨበ። ሽማግሌ የሆነው ልጅ ድምፁን አወፍሮ፣ ሌላ የተበደለ አለ ወይ አለ፣ እንዳስተማርኩት። ለምኒት እጇን አወጣች።

«ጋሼ ዳይሬክተር፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነበር። ለምን አልተነሡም?»

አንዷ እንግዳ ብዕሯን ከደነች። እሱ አልተነሣም።

እንደሄዱ ቢሮ አስጠራኝ። ለምኒት ላይ የሁለት ሳምንት እገዳ ጽፏል። «ምላስ ነው ያስተማርካቸው» አለ። የእገዳውን ደብዳቤ የሚመታበትን ማህተም ከጸሐፊዋ እንዳመጣለት ላከኝ፣ እንደ ተላላኪ።

ጸሐፊዋ ሰጠችኝ። የሱ በር በግራ ነው። በቀኝ ዞርኩ።

ዘበኛው ደወል ሳይደወል ወዴት ነው አለኝ። የለምኒት እናት ልብስ የምትሰፋበትን ቤት ጠየቅኩት።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ምነው፣ ልጅቷ አጠፋች?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩና ወጣሁ። ማህተሙ ኪሴን ማቅለም ጀምሯል።